አዴ ሐዋ ያልነበረችበት ዝርዝር

ባለፈው ዓመት የጎረቤታችን ልጅ ስትዳር ለሰርጉ አዲስ ድንኳን መጣ። ጎረምሶቹ ከጥቅሉ ፈትተው ፀሐይ ላይ ሲዘረጉት የጋለ ላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ወንበሬን ገፍቼ ተነሣሁና ከግቢው ወጣሁ። ሴቶቹ ሙቀቱ ያዞረኝ መስሏቸው ውሃ ይዘው ተከተሉኝ። አላዞረኝም። ተናድጄ ነው። በአሥር ዓመቴ የጀመረኝ ንዴት ነው፤ ያ ሽታ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ይነሣብኛል። ጊዜ ንዴትን ያበርዳል ይላሉ። የኔን አላበረደውም፤ እኔም እንዲበርድልኝ አልፈልግም።

ያኔ ቤታችን ጅቡቲ ከተማ አምቡሊ ሰፈር ነበር፣ ወንዙ አፋፍ ላይ። ወንዝ ስላችሁ ውሃ ያለው እንዳይመስላችሁ። ዓመት እስከ ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየሎች ካርቶን እያኘኩ ይውሉበታል። ከጣውላና ከቆርቆሮ የተሠሩ ቤቶቻችን እርስ በርስ ተደጋግፈው ወደ አሸዋው ይወርዱ ነበር። አያቴ ባቡሩ ላይ ሲሠሩ ከድሬዳዋ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። አባቴ ጅቡቲ ተወልዶ ያደገ፣ መታወቂያ ያለው ነው። ዶራሌ ወደብ ግንባታ ላይ ይሠራ ስለነበር የምናየው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። እናቴ ግን እሱን አግብታ የመጣች ናት፤ ወረቀቷ «በሂደት ላይ» ነበር። ይህን ስሰማ ወረቀቱ ራሱ መንገድ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። ከኢትዮጵያ የሚመጡት ከባድ መኪኖች ከከተማው መውጫ፣ ፔካ 12 ላይ ተደርድረው ባየሁ ቁጥር፣ ከአንዱ ጭነት መሐል የእማዬ ወረቀት ይወርዳል ብዬ እጠብቅ ነበር።

አዴ ሐዋ በአንድ ቆርቆሮ የምትዋሰነን ጎረቤታችን ናት። «አዴ» የድሬዳዋ ሰው ታላቅ ሴትን በአክብሮት የሚጠራበት ነው። ሴቶች የሚለብሱትን የድሪያ ጨርቅ በትከሻዋ ተሸክማ ከቤት ቤት እየዞረች ትሸጣለች። ባልም ልጅም አልነበራትም። ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ትናገራለች። ፈረንሳይኛ ብቻ እንቢ ብሏት፣ «ይኼ ቋንቋ በአፍንጫ ነው የሚነገረው፤ የኔ አፍንጫ ሌላ ሥራ አለው» እያለች ታስቀን ነበር። ማንበብና መጻፍ አታውቅም።

ውሃው የመጣ ቀን እኛ ዘንድ ካፊያ እንጂ ዝናብ የሚባል አልዘነበም። ዝናቡ የዘነበው ተራራው ላይ ነው። ጠዋት የትምህርት ቤት ቦርሳዬን እያነገትኩ ሳለ አዴ ሐዋ ቆርቆሯችንን በጡጫ ስትደበድብ ሰማሁ።

«ውጡ! ዕቃ ተዉ! ልጅ ብቻ ያዙ!»

በአማርኛ ጮኸች፣ ቀጥላ በሶማሊኛ፣ ቀጥላ በአፋርኛ። እማዬ ልብስ ልትሰበስብ ስትዞር ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ዞር ብዬ አየሁ። ቡናማ ውሃ ቤቶቹን እያጣጠፈ ይወስዳል። ፋጡማ የምትባል አፋር ጎረቤታችን ጨቅላ ልጇን ታቅፋ አጠገቤ ቆማ ነበር። ባሏ የታሰረች ፍየሉን ልፍታ ብሎ ተመለሰ። በዚያው ቀረ። ፋጡማ አላለቀሰችም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መናገር አቆመች።

ባዶ ሜዳ ላይ ድንኳን ተከሉልን። የላስቲክ ሸራው አዲስ ነበር። እስከ ረፋድ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ውስጡ ምድጃ ነው። ሽታው ልብሳችን ውስጥ ገባ፣ ዳቦው ውስጥ ገባ፣ ከጀሪካን የቀዳነው ውሃ ሳይቀር ሸራ ሸራ ይላል። የሙቀቱ ወራት ሲገቡ ደግሞ ካምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋ እያመጣ ዓይናችን ላይ ይደፋው ጀመር።

ሊያዩን የሚመጡት ሹማምንት «ሲኒስትሬ» እያሉ ይጠሩናል። በፈረንሳይኛ አደጋ የደረሰበት ሰው ማለት ነው። እኔ ግን ቃሉን ሰምቼው አላውቅምና የ«ሚኒስትር» ዘመድ የሆነ ማዕረግ መሰለኝ። ትምህርት ቤት ሄጄ ደረቴን ነፍቼ «እኛ አሁን ሲኒስትሬ ሆነናል» አልኩ። መምህሬ ፊቷን ስታዞር የቀናችብኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት እርዳታው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ ግን አንዱ ሌላውን አያውቀውም። የውሃ ቦቴው በአንድ ጫፍ ይቆማል፣ ዳቦ አዳዩ በሌላ ጫፍ፣ በአንድ ሰዓት። ሐኪሞቹ የሚመጡት ሰው ሁሉ ለውሃ ሲሰለፍ ነው። ጉልበተኛው ሦስት ብርድ ልብስ ይዞ ይሄዳል። ሮብሌ የሚባሉ፣ ዓይናቸው የደከመ ሶማሌ ሽማግሌ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አዴ ሐዋ አየቻቸው። የዳቦው መኪና ላይ ወጥታ ቆመች።

«አቦ ይኼ ምንድነው?» አለች በሶማሊኛ፣ ወዲያው ደግሞ ለኛ በአማርኛ። «ጎርፉ እንኳ ሲወስደን ተራ ጠብቆ ነው የወሰደን! እናንተ ከጎርፍ ታንሳላችሁ?»

ሰው ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ሰማት። በአንድ ሰፈር የኖሩት በአንድ ረድፍ ይሁኑ ብላ ድንኳኖቹን አዛወረች። ከየረድፉ አንድ ሴት አስመረጠች፤ «ወንድ አልፈልግም፣ ሰባት ሰዓት ላይ ጫት ሲመጣ ይጠፋብኛል» ብላ። ነፍሰ ጡሮች ወደ መጸዳጃው፣ የታመሙ ወደ አስፋልቱ እንዲጠጉ አደረገች። የቦቴውን ሹፌር ተጣልታ ሰዓቱን አስቀየረችው። ሐኪሞቹን ለምና ከውሃው በኋላ እንዲመጡ አደረገቻቸው። እናታቸው የጠፋችባቸውን ሁለት እህትማማቾች ይዛ ካርቲዬ የሚባሉትን ሰባቱንም የከተማ ሰፈሮች ዞራ፣ በስድስተኛው ቀን ከአክስታቸው አገናኘቻቸው።

ሮብሌ የስኳር በሽተኛ ናቸው። መርፌያቸው ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ ሻማ ይቀልጣል። አዴ ሐዋ መንገድ ዳር ዓሣ የሚሸጠውን የመናዊ አግባብታ መድኃኒቱን በረዶ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከዓሣዎቹ ሥር እንዲያኖርላቸው አደረገች። እኔ ጠርሙሷ ከዓሣ መሐል ስትወጣ አይቼ፣ ሽማግሌውን የሚወጓቸው በዓሣ ዘይት ነው ብዬ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ አወራሁ። ልጆቹ ሮብሌን እያዩ አፍንጫቸውን መያዝ ሲጀምሩ አዴ ሐዋ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። «ያላወቅሽውን አትናገሪ» አለችኝ። «ያወቅሽውን ደግሞ ለማን እንደምትናገሪ እወቂ።» የመጀመሪያው ገባኝ። ሁለተኛው አልገባኝም።

የፋጡማ ልጅ ከስታ ነበር። ጤና ጣቢያው ማክሰኞ ማክሰኞ እየመዘነ በትንንሽ ማሸጊያ የለውዝ ቅባት የመሰለ ምግብ ይሰጣል። ፋጡማ ግን ከድንኳኗ አትወጣም። ስለዚህ ማክሰኞ በጠዋት አዴ ሐዋ ትገባና በአፋርኛ ሁልጊዜ ያንኑ ጥቂት ቃል ትላታለች፣ ሕፃኗን አንሥታ ታዝላለች፣ ፋጡማም ሳትናገር ትከተላታለች።

ቤት ይሰጣል የሚል ወሬ በዚያ መሐል መጣ። ከፔካ 12 ወዲህ፣ በሲሚንቶ የተሠራ፣ ሁለት ሁለት ክፍል። ጸሐፊዎች ወረቀት ይዘው መጡ፤ ማን የት እንደነበረ፣ ስንት እንደሆነ አያውቁም። አዴ ሐዋን ጥላ ሥር አስቀምጠው ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠየቋት። በጭንቅላቷ ይዛው ነበር፤ የያንዳንዱን ቤተሰብ፣ የሞተውን፣ የተወለደውን፣ ማን ከማን እንደተጣላና በአንድ ግድግዳ መኖር እንደማይችል ሳይቀር። ያ ዝርዝር የወጣው ከእሷ አፍ ነው። ይህንን ሳልጽፈው ብሞት ይቆጨኝ ነበር።

ወረቀቱ በጎርፍ የተወሰደበት ሰው ሦስት ምስክር ካቀረበ ይመዘገብ ነበር። አዴ ሐዋ «የኔንም ውሃ ወስዶታል» ብላ አስመዘገበች። እውነቱን እኛ ቤት እናውቀው ነበር። አንድ ቀን ለእማዬ እየሳቀች ስትነግራት ሰምቻለሁ፦ «ከመጣሁ ጀምሮ ወረቀት የሚባል በእጄ አልያዝኩም። ውሃው ባለ ውለታዬ ነው፤ ያልነበረኝን ወሰደልኝ።»

አጣሪው የመጣበት ቀን ሰኞ ይሁን ረቡዕ አላስታውስም። አዴ ሐዋ አንዲት ምጥ የያዛትን ሴት ሆስፒታል ይዛ ሄዳለች። ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሹም ከጸሐፊው ጋር ድንኳን ለድንኳን እየዞረ ዝርዝሩን ያጣራ ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ እማዬ ፈረንሳይኛ ስለማትችል ወደኔ ዞረ።

«አንቺ ትንሿ፣ ፈረንሳይኛ ትችያለሽ?»

«አዎ፣ ሙሴ» አልኩት፤ በፈረንሳይኛ ጌታዬ ማለት ነው።

የኛን ጠየቀኝ፤ መለስኩ። «ትሬ ቢያን» አለኝ። በጣም ጥሩ ማለት ነው። መምህሬ ይህን ቃል በዓመት ሁለቴ ብትለው ነው። ጀርባዬን አቃናሁ። በቃል የሚሰጥ ፈተና መሰለኝ።

«በዚህኛው ድንኳን ማን ይኖራል?»

«አዴ ሐዋ።»

«ከየት ነች?»

«ከድሬዳዋ።»

«መቼ መጣች?»

«እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ።»

«ትሬ ቢያን። ወረቀቷን ጎርፍ ወሰደው አይደል?»

መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ እጄን አወጣሁ። «አይ ሙሴ፤ ጎርፉ ሲመጣም አልነበራትም። ድሮም የላትም።»

ጸሐፊው ጻፈ። ሹሙ ራሴን ዳበሰኝ። «ትሬ ቢያን» አለኝ ለሦስተኛ ጊዜ።

ሲሄዱ እማዬ፣ «የሐዋን ስም ሲጠራ ሰማሁ፤ ምን አለሽ?» አለችኝ። ሁሉንም እንደመለስኩ በኩራት ነገርኳት። ፊቷ ሲለወጥ ያጠፋሁት ሰዋስው መሰለኝ። ክንዴን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝና በሹክሹክታ፣ «ይህን ለማንም፣ ለማንም እንዳትናገሪ፤ ለሐዋም ቢሆን» አለችኝ።

«ለምን?»

«የሷን ፋይል ሲነካኩ የኛንም ይከፍቱታል። የኔንም ወረቀት ይጠይቁኛል። ገባሽ?»

አልገባኝም። ዛሬ ነው የገባኝ፤ ስለገባኝ ነው የምናደደው። ከዚያ ቀን እስከ ዕደላው ስድስት ሳምንት ነበር። እማዬ አንድ ቃል ብትናገር ሮብሌ ይመሰክሩ ነበር፣ የመናዊው ይመሰክር ነበር፣ ረድፉ በሙሉ ተነሥቶ «እናውቃታለን» ይል ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ እማዬ ከአዴ ሐዋ ጋር በአንድ ትሪ በላች፣ በአንድ ጥላ ተቀመጠች፣ ሲያማት ጭንቅላቷን በሷ ጭን ላይ አሳረፈች። ዝም አለች።

የዕደላው ቀን ለእንግዶች ምንጣፍ ተነጠፈ፤ የላስቲክ አበባ ተደረደረ። አዴ ሐዋ ከንጋት ጀምሮ ሰው ስታሰልፍ፣ የልጆች ፊት ስታጥብ፣ ፋጡማን ስታለብስ ነበር። ባለ ነጭ ኮፍያው ሹም ንግግር አደረገ። ሥራው በቅንጅት እንደተሠራ፣ ዝርዝሩም እንከን የማይወጣለት እንደሆነ ተናገረ። ተጨበጨበ። ከዚያ ስም መጠራት ጀመረ። የአባቴ ስም ተጠራና እማዬ ሄዳ ቁልፍ ተቀበለች። ሮብሌ ተጠሩ። ፋጡማ ተጠራች፤ አዴ ሐዋ ገፋ አድርጋ ላከቻት። ሰባት ሰዓት ሊሞላ ሲል ሹሙ ወረቀቱን አጠፈ።

አዴ ሐዋ ስሟን ያልሰማችው በጫጫታው ይመስላት ነበር። ፈገግ እያለች ቀረበች። «የኔን ዘለላችሁት» አለች በሶማሊኛ።

ጸሐፊው ሳያያት፣ «ውድቅ ሆኗል» አላት። «ወረቀት ኖሯት እንደማያውቅ በጎረቤት ምስክርነት ተረጋግጧል።»

የጎረቤት ምስክርነት! የአሥር ዓመት ልጅን ራስ ዳብሰው ያወጡትን ቃል እንዲህ ብለው ጻፉት።

ያኔ ነው መልሴ ምን እንዳደረገ የገባኝ። ሰው እየገፋሁ ወደፊት ሮጥኩ። «ዋሽቻለሁ!» ብዬ ጮኽኩ በፈረንሳይኛ። «ነበራት! ውሃው ነው የወሰደው! አይቼዋለሁ!»

ሹሙ አወቀኝ። ፈገግ አለ እንጂ አልተቆጣም። «ያን ቀን በጣም ጥሩ መልሰሽ ነበር» አለኝ። «አሁን ምን ነካሽ?»

ልመልስ አፌን ስከፍት የእማዬ መዳፍ ከኋላ መጥቶ አፈነኝ። በሌላው እጇ ቁልፉን ጨብጣለች። ልነክሳት ሞከርኩ። ይበልጥ አጠበቀችው።

አዴ ሐዋ ወደኛ ዞረች። ፈረንሳይኛ ባታውቅም ፊታችንን አነበበችው። መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥላ እማዬን፤ እማዬን ረጅም ጊዜ አየቻት።

«እጅሽን አንሺላት» አለቻት። «ልጅ ነች፤ ተጠየቀች፣ መለሰች። አንቺ ግን ታውቂ ነበር?»

እማዬ መሬት መሬቱን አየች።

«ታውቂ ነበር» አለች አዴ ሐዋ።

ከኋላችን ያ ሁሉ ሰው ቆሟል። በሷ ልመና ሐኪም ያየው፣ በሷ እግር ዘመዱን ያገኘ፣ በሷ ምላስ ቤት የተጻፈለት። ሁሉም ቁልፉን ጨብጦ ቆሟል። ሮብሌ ብቻ በትራቸውን መሬት እየመቱ በሶማሊኛ «ነውር ነው! ነውር ነው!» አሉ። የገዛ ልጃቸው እጃቸውን ይዞ አስቀመጣቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ዓይነት መኪና መጣ። አንዱ የኛን ዕቃ ወደ አዲሱ ቤት የሚወስድ፣ ሌላው ወረቀት የሌላቸውን ወደ ድንበር የሚወስድ፤ ጎን ለጎን ቆሙ። አዴ ሐዋ ከሌሎች ጋር ያለ ሙግት ሁለተኛው መኪና ላይ ወጣች። እኔ እኮ ትጮሃለች፣ ትሳደባለች፣ እንደ ዳቦው መኪና ቀን ሁሉንም ታስቆማለች ብዬ ነበር። መኪናው ሲነሣ ግን የጎኑን ብረት ይዛ ቆመችና የጮኸችው ሌላ ነገር ነው።

«ፋጡማን ማክሰኞ ማክሰኞ አስነሧት! ብቻዋን አትሄድም! ልጅቷ ገና አልከበደችም! የዓሣው ሰውዬ ዓርብ አይመጣም፣ የሮብሌን መድኃኒት ሐሙስ በጊዜ ተቀበሉት! አምስተኛው ረድፍ ላይ ያለችው በዚህ ወር ትወልዳለች፣ መኪና የሚደርስበት ቤት ስጧት!»

በሦስት ቋንቋ ደጋገመችው። መኪናው አስፋልቱን ይዞ እስኪርቅ ትጮህ ነበር። ሰው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወደየፍራሹና ወደየድስቱ ዞሮ መጫኑን ቀጠለ።

አዲሱ ቤት ግድግዳው ቀዝቃዛ ነበር። እማዬ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ጠረገችው። እኔ አላናግራትም። ዓርብ አባቴ ሲመጣ፣ «ይህች ልጅ ምን ሆናለች?» ብሎ ጠየቃት። «ሙቀቱ ነው» አለችው።

ማክሰኞ መጣ። አንድ ትልቅ ሰው የፋጡማን በር ያንኳኳል ብዬ ደጃፋችን ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። የረድፍ ተመራጯ ባልዲዋን ይዛ አለፈች። ሌላዋም አለፈች። ሕፃኗ ውስጥ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ድምፅዋ እየቀጠነ ሄዶ ተወችው። ማንም አላንኳኳም።

በቀጣዩ ማክሰኞ ደብተሬን አልጋ ላይ ጥዬ ወጣሁ።

«ትምህርት ቤትሽስ?» አለች እማዬ።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው» አልኳት። ከዕደላው ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ቃሌ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ፋጡማ ጨለማው ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። አፋርኛ አልችልም። አዴ ሐዋ ሁልጊዜ የምትላትን ያን ጥቂት ቃል ግን ስንት ማክሰኞ ሰምቼዋለሁ፤ ትርጉሙን ሳላውቅ እንዳለ አልኩት። ቀና ብላ አየችኝ። ሕፃኗን ሰጠችኝ። አዘልኳት፤ ከቦርሳዬ ትቀላለች። ስወጣ የፋጡማ ነጠላ ጫማ ከኋላዬ ሲጎተት ሰማሁ። ሚኒባስ ውስጥም፣ ከሚኒባስ ወርደንም፣ ሦስት እርምጃ ያህል ከኋላዬ ነበረች።

ነርሷ ሕፃኗን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችና ቁጥሩን አየች። ካርዱን ገልጣ እንደገና ሚዛኑን አየች።

«ቀንሳለች» አለች በፈረንሳይኛ፣ በቁጣ። «ባለፈው ማክሰኞ ለምን አልመጣችሁም? ሁልጊዜ የምታመጣት ሴትዮ የት አለች?»

«ተባረረች» አልኳት።

«ማን አባረራት?»

ፋጡማን አየኋት። ነርሷን አየኋት። ነጭ ኮፍያ፣ ጸሐፊ፣ መኪና፣ ሹፌር፤ ብዙ መልስ ነበረኝ፣ ሁሉም እውነት ነው።

«እኛ» አልኳት።